መንታ የሚመስሉ ሁለት ትናንሽ ትራንስፎርመሮች

(በኤሌክትሪክ ተማሪዎች የማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ ጊዜያችሁን የምንወስድባችሁ ስለ ሁለት ትናንሽ ዕቃዎች ለመናገር ነው። ሁለቱም እነሆ በጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል። ከኋላ ያላችሁት እንደማታዩዋቸው እናውቃለን፤ እያንዳንዳቸው ከግማሽ የክብሪት ሣጥን እምብዛም አይበልጡምና። አንደኛው መካከሉ ቀዳዳ ነው፤ ሁለተኛው ቀዳዳ የለውም፤ ከዚህ በቀር መንታ ይመስላሉ። አንዱ የከረንት ትራንስፎርመር፤ ሌላው የቮልቴጅ ትራንስፎርመር ይባላል። ስማቸው ልዩነታቸውን የነገረን መስሎን ሦስት ወር ሙሉ ስንሳሳት ቆየን። እንግዲህ የምንነግራችሁ ከመጽሐፍ ያነበብነውን ብቻ ሳይሆን፤ ያቃጠልነውንም ጭምር ነው።

ነገሩ የተጀመረው በላቦራቶሪ አይደለም፤ በአንድ ግቢ ውስጥ ነው። ከመካከላችን ሁለቱ በተከራዩበት ግቢ አራት ቤተ ሰቦች በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማሉ። ይህ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ነገር አይደለም። ቆጣሪው አንድ፤ ከፋዩ አራት። የወሩ ሂሳብ በመጣ ቁጥር ፍሪጅ ያለው ምጣድ ያለውን ይከሳል፤ ምጣድ ያለው ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ አምፖል አብርቶ የሚያጠናውን ተማሪ ይከሳል። በመጨረሻ ሂሳቡ እኩል ይካፈልና፤ ሁሉም ተበደልኩ እያለ ይከፍላል። እኛም የኤሌክትሪክ ተማሪዎች ነንና፤ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ትንሽ ሣጥን ሠርተን እናስታርቃችኋለን ብለን ቃል ገባን። የግቢው ባለቤት እማማ፤ «እግዜር ይስጣችሁ ልጆቼ፤ ግን ቤቴን እንዳታቃጥሉት» ብለው ፈቀዱልን። ይህን የተናገሩት ለቀልድ እንዳልነበረ በኋላ ገባን።

ኃይልን ለመለካት ቮልቴጁንም ከረንቱንም በአንድ ጊዜ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሁለቱን ማባዛት ነውና። ችግሩ ግን እዚህ ላይ ነው። በሣጥኑ ውስጥ የሚቆጥረው ትንሹ ማይክሮ ኮንትሮለር ከ3.3 ቮልት በላይ ቢነካው ይሞታል። በግድግዳችን ሶኬት ያለው ደግሞ 220 ቮልት ነው፤ ማዕበሉ ጫፉ ላይ ሲደርስማ 311 ቮልት ይሆናል። ስለዚህ እሳቱን ሳያመጡ የእሳቱን ወሬ ብቻ የሚያመጡ መልእክተኞች ያስፈልጋሉ። ሁለቱ ትናንሽ ትራንስፎርመሮች የተፈጠሩት ለዚህ ሥራ ነው። ታላላቆቻቸው በሰብስቴሽን ውስጥ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ፤ እነዚያ ግን የ15 ሺህ ወይም የ132 ሺህ ቮልት መስመር ወሬ ለሠራተኛው ያመጡለታል፤ የእኛዎቹ የአንድ ቤት ወሬ ብቻ ነው የሚያመጡት።

የትራንስፎርመርን መሠረት ሁላችሁም ስለምታውቁት በዚያ ላይ አንቆይም። ፋራዴይ በ1831 ዓመተ ምሕረት (በአውሮፓ አቆጣጠር) በአንድ የብረት ቀለበት ላይ ሁለት ጥቅል ሽቦ ጠምጥሞ፤ በአንደኛው ያለው ከረንት ሲለወጥ በሁለተኛው ላይ ኤሌክትሪክ እንደሚወለድ አሳየ። በ1885 ዚፐርኖቭስኪ፤ ዴሪና ብላቲ የተባሉ ሦስት መሐንዲሶች ቡዳፔስት ላይ የትራንስፎርመርን ዛሬ የምናውቀውን መልክ ሰጡት። ከሦስቱ ብላቲ የተባለው በ1889 የተለዋዋጭ ኮረንቲ ቆጣሪም ሠርቷል፤ ስለዚህ የትራንስፎርመርና የቆጣሪ ዝምድና የቆየ ነው። እኛ ሁለቱን ጥቅሎች እንደ ተለመደው ፕራይመሪና ሰከንደሪ እያልን እንጠራለን።

አሁን ወደ ልዩነቱ እንምጣ።

የቮልቴጅ ትራንስፎርመር በመስመሩ ላይ በጎን ይቀጠላል፤ ማለት አንዱ ጫፉ ከፌዙ፤ ሌላው ከኒውትራሉ ጋር ይገናኛል። አምፖል እንደሚቀጠል ማለት ነው። የከረንት ትራንስፎርመር ግን በመስመሩ መንገድ ላይ ይገባል፤ ወደ ቤቱ የሚሄደው ከረንት ሁሉ በእሱ በኩል ያልፋል። ይህን ማንም ከመጽሐፍ ያነበዋል። ከዚህ በስተኋላ ግን ብዙ ጊዜ የማይነገር ጥያቄ አለ፤ ይኸውም አዛዡ ማነው የሚል ነው። በቮልቴጅ ትራንስፎርመር ፕራይመሪ ላይ ያለውን ቮልቴጅ የሚወስነው መስመሩ ነው። በከረንት ትራንስፎርመር ፕራይመሪ ውስጥ የሚያልፈውን ከረንት የሚወስነው ግን የቤቱ ምጣድ፤ የቤቱ ፍሪጅ፤ የቤቱ አምፖል ነው። ትራንስፎርመሩ ተመቸውም አልተመቸውም፤ ሰከንደሪው ተዘጋም ተከፈተም፤ ምጣዱ የፈለገውን ያህል አምፔር ይስባል። ስለ ከረንት ትራንስፎርመር የምንናገረው ክፉም ሆነ ደግ ነገር ሁሉ ከዚህ የሚወጣ ነው።

ቀዳዳ ያለውን እንመልከት። በላዩ ዜድ ኤም ሲ ቲ 103 ሲ የሚል ተጽፎበታል። በውስጡ የብረት ቀለበት አለ፤ በቀለበቱ ላይ 1000 ዙር ቀጭን ሽቦ ተጠምጥሟል፤ ሰከንደሪው ይኸው ነው። ፕራይመሪውስ የት አለ ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፤ ፕራይመሪውን የምናመጣው እኛ ነን። በቀዳዳው ውስጥ አንድ ጊዜ ያሳለፍነው ሽቦ አንድ ዙር ሆኖ ይቆጠራል። በዚያ ሽቦ 5 አምፔር ሲያልፍ፤ በሰከንደሪው 5 ሚሊ አምፔር ይወጣል። የፕራይመሪው አምፔር በዙሩ ተባዝቶ ከሰከንደሪው አምፔር በዙሩ ተባዝቶ ጋር እኩል ይሆናልና፤ 5 ጊዜ 1 ከ0.005 ጊዜ 1000 ጋር እኩል ነው። አንድን ሽቦ አምስት ጊዜ እየመለስን ብናሳልፈው ደግሞ፤ 5 ሚሊ አምፔሩን ለማውጣት 1 አምፔር ብቻ ይበቃል። ትንሽ ከረንት ለመለካት ለሚፈልግ ይህ ያለ ገንዘብ የሚገኝ ማጉያ ነው።

የመጀመሪያው ውርደታችን የመጣው ከዚሁ ቀዳዳ ነው። ሁለቱን ሽቦዎች፤ ፌዙንም ኒውትራሉንም የያዘውን የማከፋፈያ ገመድ እንዳለ በቀዳዳው አሳልፈን፤ የውሃ ማፍያውን ለኮስነው። ውሃው ፈላ፤ ሣጥናችን ግን ዜሮ አለ። ሽቦ ፈታን፤ ቀየርን፤ ፕሮግራሙን ሦስት ጊዜ አነበብን። ነገሩ ግን ግልጽ ነበር፤ በፌዙ የሚሄደውና በኒውትራሉ የሚመለሰው ከረንት እኩልና ተቃራኒ ስለሆኑ፤ ብረቱ ውስጥ እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ። ሁለቱ እኩል የማይሆኑት ከረንቱ በሌላ መንገድ፤ ለምሳሌ በሰው አካል በኩል ወደ መሬት ሲያመልጥ ነው። ከኮረንቲ ንዝረት ሰውን የሚያድነው ብሬከር የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። እኛ ሳናውቅ የሕይወት አዳኝ መሣሪያ ሠርተን፤ አይሠራም ብለን እያማረርን ነበር።

ሰከንደሪው የሚያወጣው ከረንት ነው ብለናል። ማይክሮ ኮንትሮለሩ ግን የሚያነበው ቮልት ነው። ስለዚህ በሰከንደሪው ሁለት ጫፎች ላይ አንድ ሬዚስተር ይቀመጣል፤ የጭነት ሬዚስተር እንለዋለን። 50 ኦም ብናደርገው 5 ሚሊ አምፔር ጊዜ 50 ኦም 0.25 ቮልት ይሆናል። ያን አጉልቶ ማንበብ ቀላል ነው።

ታዲያ ይህ ሬዚስተር ቢነቀልስ? በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የአንዱ ሣጥን ብየዳ ላልቶ ሬዚስተሩ በራሱ ተነቀለ። ምጣዱ እየሠራ ነበር። ሣጥኑ ወዲያው ሞተ፤ ከመካከላችን ሽቦውን በጣቱ የነካውም ከመቀመጫው ተነሣ። አምስት ሚሊ አምፔር የምታወጣ ነገር እንዴት ትነዝራለች? አዛዡ ማነው ያልነውን አስታውሱ። ሰከንደሪው ሲከፈት በእሱ ውስጥ የሚያልፍ ከረንት የለም፤ የፕራይመሪውን ማግኔት የሚቃወም ሁሉ ጠፋ ማለት ነው። ምጣዱ ግን አምፔሩን መሳቡን አይተውም። ያ ሁሉ አምፔር ብረቱን በማግኔት ይሞላዋል፤ ብረቱ ይጠግባል፤ ማዕበሉ አቅጣጫውን በለወጠ ቁጥር ደግሞ ማግኔቱ ከአንድ ጥጋብ ወደ ተቃራኒው ጥጋብ በቅጽበት ይገለበጣል። ፋራዴይ እንዳስተማረን የሚወለደው ቮልቴጅ በለውጡ ፍጥነት ልክ ነው። ለውጡ ፈጣን፤ ዙሩም አንድ ሺህ ስለሆነ፤ በሰከንድ መቶ ጊዜ ስለታም የቮልቴጅ ሹል ይወጣል። በእኛ ትንሽ ዕቃ ይህ ሹል ማይክሮ ኮንትሮለር ለመግደልና ተማሪን ለማስደንገጥ ይበቃል። በሰብስቴሽን ባሉት ታላላቆቹ ግን ብዙ ሺህ ቮልት ሊደርስ ስለሚችል ሰው ይገድላል። የዚያ ሥራ ባለሙያዎች አምፔር መለኪያ ከመንቀላቸው በፊት ሰከንደሪውን በአጭር ሽቦ የሚያገናኙት ለዚህ ነው። ለተለማማጅነት ወደዚያ የምትሄዱ ጓደኞቻችን ይህችን እንዳትረሱ አደራ እንላለን።

እንግዲህ ለከረንት ትራንስፎርመር ደንቡ ሰከንደሪውን አትክፈት ነው። ለቮልቴጅ ትራንስፎርመር ደግሞ መጽሐፉ የሚለው ተቃራኒውን ነው፤ ሰከንደሪውን በአጭሩ አታገናኝ፤ ቮልቴጁ አዛዥ ስለሆነ ከረንቱ ወሰን አጥቶ ጥቅሉ ይቃጠላልና። ይህ ለትልቁ የቮልቴጅ ትራንስፎርመር ፍጹም እውነት ነው። እኛም ይህን በቃላችን ይዘን ወደ ሁለተኛዋ ትንሽ ዕቃ ሄድን፤ መከራችን የተጀመረውም እዚያ ላይ ነው።

ዕቃዋ ዜድ ኤም ፒ ቲ 101 ቢ ትባላለች። አራት እግር አላት። የቮልቴጅ ትራንስፎርመር ናት ተባልን፤ እኛ ደግሞ የምናውቀው የቮልቴጅ ትራንስፎርመር በአሮጌ ሬዲዮ ውስጥ ያለውን፤ 220 ቮልት ተቀብሎ 6 ወይም 12 ቮልት የሚሰጠውን ነው። ስለዚህ ሁለቱን እግሮች በቀጥታ ከስፒና ጋር አገናኝተን ሶኬት ውስጥ ሰካን። የሆነውን ለመናገር ረጅም ጊዜ አይወስድም። ጥ! የሚል ድምፅ፤ ትንሽ ጢስ፤ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ፤ ከዚያም የላቦራቶሪው ብሬከር ወረደ። ዕቃዋን ለማስታወሻ አስቀምጠናታል፤ በጠረጴዛው ጫፍ ያለችው ጥቁሯ እሷ ናት።

ከዚያ በኋላ ብቻ፤ አስቀድሞ መደረግ የነበረበትን አደረግን፤ ማለት የፋብሪካውን መግለጫ ወረቀት አነበብን። ወረቀቱ ስለ 220 ቮልት ምንም አይልም። የሚለው 2 ሚሊ አምፔር ወደ 2 ሚሊ አምፔር ነው። አንድ ለአንድ! የዙሩ ብዛት በሁለቱም በኩል እኩል ነው። ቮልቴጅ የማይቀንስ፤ ከረንትም የማይቀንስ ትራንስፎርመር ምን ይሠራል ብለን አንድ ምሽት ሙሉ ተከራከርን። መልሱ ሲገባን ሳቅን፤ የቮልቴጅ ትራንስፎርመር ተብላ የምትሸጠው ትንሿ ዕቃ በሥራዋ የከረንት ትራንስፎርመር ናትና።

አሠራሯ እንዲህ ነው። ከፕራይመሪዋ በፊት አንድ ትልቅ ሬዚስተር በመንገዱ ላይ ይገባል። 110 ሺህ ኦም እናድርገው። 220 ቮልት ለ110 ሺህ ሲካፈል 2 ሚሊ አምፔር ይሆናል። የጥቅሉ የራሱ ሬዚስታንስ መቶ ኦም ገደማ ብቻ ስለሆነ፤ ከ110 ሺህ ጋር ሲነጻጸር እንደሌለ ይቆጠራል። ስለዚህ ከረንቱን የሚወስነው ያ ሬዚስተር ብቻ ነው፤ ቮልቴጁ ሲጨምር ከረንቱ በልኩ ይጨምራል፤ ሲቀንስ ይቀንሳል። ቮልቴጁ ወደ ከረንት ተተረጎመ ማለት ነው። ትራንስፎርመሯ ያን 2 ሚሊ አምፔር ተቀብላ ሽቦ ሳይነካካ ወደ ማዶ ታሻግረዋለች፤ በማዶ በኩል 50 ኦም ብናኖርላት 0.1 ቮልት ትሰጠናለች። 220 ቮልቱን የተሸከመው ትራንስፎርመሯ ሳትሆን ሬዚስተሩ ነው። እሷ በፕራይመሪዋ ላይ የምታየው ቮልቴጅ አንድ ቮልት እንኳ አይሞላም። እኛ ሬዚስተሩን ትተን በቀጥታ ስንሰካት ለአንድ ቮልት የተሠራችውን 220 አሸከምናት።

ለምን እንዲህ ተሠራች? እንደ ሬዲዮው ትራንስፎርመር በቀጥታ 220 ቮልት የምትችል ትንሽ ዕቃ ለምን አልሠሩም? ስሌቱን እንሞክር። አንድ ጥቅል የሚችለው ቮልቴጅ 4.44 ጊዜ የማዕበሉ ብዛት በሰከንድ፤ ጊዜ የዙሩ ብዛት፤ ጊዜ የብረቱ ስፋት፤ ጊዜ የማግኔቱ ጥንካሬ ነው። ማዕበላችን 50 ነው። ብረቱ ግማሽ ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ቢኖረው፤ ማግኔቱም 1 ቴስላ ቢሆን፤ 220 ቮልት ለመቻል ወደ ሃያ ሺህ የሚጠጋ ዙር ያስፈልጋል። በግማሽ የክብሪት ሣጥን ውስጥ ከጠጉር የቀጠነ ሽቦ ሃያ ሺህ ጊዜ መጠምጠም! ዙሩን አንድ ሺህ ብቻ እናድርግ ብንል ደግሞ፤ ብረቱ ወደ አሥር ካሬ ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ያ እንደ ጡብ የሚከብድ ዕቃ ነው። በሬዚስተሩ ዘዴ ግን ብረቱ የሚሸከመው ማግኔት እጅግ ጥቂት ስለሆነ፤ ዕቃዋ ትንሽ፤ ርካሽና ታማኝ ትሆናለች። የዚህን ብልኃት ፈጣሪ ብናውቀው ቡና እንጋብዘው ነበር።

ከዚህ የተነሣ ያ በቃላችን የያዝነው ደንብ ተገለበጠ። ትንሿን የቮልቴጅ ትራንስፎርመር ሰከንደሪዋን በአጭር ሽቦ ብናገናኘው ምንም አትሆንም፤ ከረንቱን ሬዚስተሩ አስቀድሞ ወስኖታልና። እንዲያውም ሰከንደሪዋ ወደ ዜሮ ኦም በተጠጋ መጠን ይበልጥ ትክክል ትለካለች። በኦፕ አምፕ የሚሠሩ ጓደኞቻችን ሰከንደሪዋን በቀጥታ ከኦፕ አምፑ ሁለት መግቢያዎች ጋር የሚያገናኙት ለዚህ ነው። እኛ የፈራነው አጭር ግንኙነት ወዳጃችን ነበር፤ ያልፈራነው ሬዚስተር አልባ ግንኙነት ግን ጠላታችን።

ስለ ሬዚስተሩ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም፤ በዚህ የሚሳሳቱ ብዙዎች ናቸውና። 220 ቮልት ጊዜ 2 ሚሊ አምፔር 0.44 ዋት ነው። ተራው የሩብ ዋት ሬዚስተር ይህን ቢሸከም ይግላል፤ ቀስ በቀስም ዋጋው ይለወጣል፤ ያን ጊዜ ሣጥኑ ሳይሞት መዋሸት ይጀምራል። ከሙቀቱም ሌላ ተራ ሬዚስተር ሊችለው የሚገባው ቮልቴጅ ወሰን አለው። ስለዚህ አንድ 110 ሺህ ከማድረግ ይልቅ፤ አምስት ባለ 22 ሺህ ኦም ሬዚስተር አከታትሎ መበየድ ይሻላል፤ እያንዳንዱ 44 ቮልትና ከአሥረኛ ዋት ያነሰ ብቻ ይደርሰዋል። ከትራንስፎርመሯ በፊት ያለው ወገን ሁሉ፤ ሬዚስተሩም፤ እግሮቿም፤ ብየዳውም፤ የሶኬቱን ያህል ሕይወት ያለው ነው። ከትራንስፎርመሯ ማዶ ያለው ወገን ብቻ ነው በጣት የሚነካው። ቦርዱን በእጁ ይዞ ከታች በኩል የሚደግፍ ሰው በመካከላችን አለና፤ ስሙን ባንጠራውም ራሱን ያውቃል።

ከዚህ በኋላ ሣጥኖቹ ሠሩ። በአራቱም ቤት ሰቀልናቸው፤ የአራቱንም ድምር ከዋናው ቆጣሪ ጋር ማመሳከር ጀመርን። በተራ ቀን ይቀራረባሉ። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ግን የሣጥኖቹ ድምር ከዋናው ቆጣሪ በጣም ያንሳል። ይህን በመጀመሪያ ያስተዋልነው እኛ አይደለንም፤ እማማ ናቸው። አንድ ማታ ጠሩንና፤ «ልጆቼ፤ ይኼ ሣጥን እኔ ስጋግር ያንቀላፋል መሰለኝ። የሰው ገንዘብ አልበላም፤ አስተካክሉልኝ» አሉን። ያላወቁት ቢሆን ኖሮ ጥቅሙ የራሳቸው ነበር፤ የጎደለው ለአራት ይካፈል ነበርና። እኛ የሠራነው ሣጥን ለአንድ ወር ያህል ከሦስት ተከራዮች ኪስ እየወሰደ ለምጣዱ ሲከፍል ኖሯል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ምጣዱ 3500 ዋት ነው፤ ለ220 ሲካፈል ወደ 16 አምፔር ይጠጋል። የእኛ ቀዳዳማ ዕቃ የተሠራችው ለ5 አምፔር ነው፤ ጥቂት ብታልፍ ትታገሣለች፤ ከሦስት እጥፍ በላይ ሲሆን ግን ብረቷ ይጠግባል። በኦሲሎስኮፕ ስናየው፤ ማዕበሉ እየወጣ ሳለ ከመንገድ ድንገት ይወድቅና እስከሚቀጥለው መገለባበጥ ድረስ ተኝቶ ይቆያል። የማጉያው አቅም ሲያልቅ ጫፉ እንደ ጠረጴዛ ይስተካከላል፤ ብረት ሲጠግብ ግን እንዲህ ይወድቃል፤ ሁለቱን መለየት ልመዱ። እማማ «ያንቀላፋል» ያሉት ከእኛ ቃል ይልቅ ትክክል ነበር። ለምጣዱ መስመር 100 አምፔር ወደ 50 ሚሊ አምፔር የሚለውጥ፤ ተከፍቶ ሽቦውን የሚያቅፍ ዐይነት ገዝተን አደረግን። 16 አምፔር ለእሱ ቀላል ነው፤ 8 ሚሊ አምፔር ብቻ ይሰጣል። የቮልቴጅ ትራንስፎርመሯ ግን እንዲህ ያለ ችግር የለባትም፤ ቮልቴጅ ከ220 ጥቂት ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ ሦስት እጥፍ አይሆንም። አንዷ ጠባብ መንገድ ላይ የምትሄድ ናት፤ ሌላዋ ከአምፖል እስከ ምጣድ ያለውን ሁሉ መቻል አለባት። በመረጣ ጊዜ ዋናው ልዩነት ይህ ይመስለናል።

የቀረው የፍሪጁ ክርክር ነው፤ እሱ ረቂቅ ነው። ፍሪጅ ሞተር ስላለው ከረንቱ ከቮልቴጁ ኋላ ይቀራል። በ60 ዲግሪ ቀረ እንበል፤ ፓወር ፋክተሩ 0.5 ይሆናል። የከረንት ትራንስፎርመር ደግሞ ብረቱን ማግኔት ለማድረግ ጥቂት ከረንት ስለሚበላ፤ የሚያወጣው ማዕበል ከእውነተኛው በትንሽ ማዕዘን ይቀድማል። ማዕዘኑ የሰከንደሪውና የጭነቱ ሬዚስታንስ ድምር ለጥቅሉ ሪአክታንስ ሲካፈል የሚገኘው ነው። ለምሳሌ ጥቅሉ 100 ኦም፤ ጭነቱ 50 ኦም፤ ሪአክታንሱ 6300 ኦም ቢሆን፤ ማዕዘኑ 1.4 ዲግሪ ገደማ ነው። አምፖል ወይም ምጣድ ሲለካ ይህ ምንም አይደለም። ፍሪጁን ሲለካ ግን 60 ዲግሪው 58.6 ሆኖ ይታያል፤ ኃይሉም ከእውነቱ ከመቶ አራት እጅ በልጦ ይነበባል። እኛ ደግሞ ቮልቱ ከፍ እንዲል ብለን ጭነቱን 250 ኦም አድርገነው ነበር። ያን ጊዜ ማዕዘኑ ከ3 ዲግሪ ያልፋል፤ ስሕተቱም ከመቶ ዘጠኝ እጅ በላይ ይሆናል። ፍሪጅ ያላቸው ቤተ ሰብ «ሣጥናችሁ ይጠላናል» ሲሉን በልባችን ስቀን ነበር። ይቅርታ ጠይቀናቸዋል።

በዚህ ላይ የሁለቱ ዕቃዎች ዝምድና መልሶ ረዳን። ትንሿ የቮልቴጅ ትራንስፎርመር በሥራዋ የከረንት ትራንስፎርመር ናት ብለናል፤ ስለዚህ እሷም ማዕበሏን ወደዚያው አቅጣጫ ታስቀድማለች። ኃይሉን የሚያበላሸው የእያንዳንዳቸው መቅደም ሳይሆን የሁለቱ መቅደም ልዩነት ነው። ሁለቱ እኩል ቢቀድሙ ስሕተቱ ይጠፋፋል። ስለዚህ ጭነቱን ወደ 50 ኦም መልሰን፤ የቀረውን ትንሽ ልዩነት በፕሮግራሙ ውስጥ የአንዱን ንባብ ጥቂት በማዘግየት አስተካከልን። ለማስተካከል የተጠቀምነው ውሃ ማፍያውን ሳይሆን አንድ አሮጌ የአየር ማራገቢያ ሞተር ነበር፤ ንጹሕ ሙቀት የሚሰጥ ዕቃ የማዕዘን ስሕተትን ደብቆ ያሳልፋልና።

ከመምህራኖቻችን አንዱ ይህ ሣጥን ለሕጋዊ ሂሳብ ይሆናል ወይ ብለው ጠይቀውን ነበር። አይሆንም። ማኅተም ያለውና የተመረመረው ዋናው ቆጣሪ ብቻ ነው፤ የእኛዎቹ አራቱ ቤቶች ተስማምተው የሚካፈሉበት እንጂ ማንንም የሚያስገድዱ አይደሉም። ፀጉር ማድረቂያ በዝቅተኛ ሙቀት ሲሠራም ገና ያስቸግሩናል፤ አንዳንዱ ማድረቂያ በዳዮድ የማዕበሉን ግማሽ ብቻ ስለሚወስድ፤ ብረቱ በአንድ ወገን ይጠግባል። ትራንስፎርመር የማይለዋወጥ ኮረንቲ አያሻግርምና። ለዚህ የሚሆን ልዩ ብረት ያላቸው ዐይነቶች አሉ፤ ዋጋቸው ግን ከኪሳችን በላይ ነው።

ባለፈው ወር የአራቱ ሣጥኖች ድምር ከዋናው ቆጣሪ የተለየው ከመቶ ሁለት እጅ ነው። ውጤቱን በኩራት ለእማማ ነገርናቸው። ወረቀቱን ተቀብለው ጥቂት ካዩት በኋላ፤ «እሺ ልጆቼ፤ ይኼን ሁለቱን እጅ ማን ይክፈለው?» አሉን። ከመካከላችሁ መልስ ያለው ቢኖር ከስብሰባው በኋላ ይንገረን። አንዱ ሣጥን ክዳኑ ተከፍቶ በጠረጴዛው ላይ አለ፤ መንካት የሚፈልግ አስቀድሞ ስፒናው መነቀሉን በዐይኑ ይመልከት።